የቀረችው የአባቴ ዓይን

ሁላችንም ጭስ ነው አልን። እኔም፣ እናቴም፣ ጎረቤቱም፣ አባቴ ራሳቸውም። እኛ ሰፈር ዓይኑን ያመመው ሁሉ ጭስ ነው ይላል፤ ከሰል የማያከስል ቤት የለማ። ድሮ ገብስና ድንች ይዘራበት የነበረው መሬት አሁን ደከረንስ ነው፤ ያ ላባ የመሰለ ቅጠል ያለው የፈረንጅ ግራር። ይተከላል፣ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ይቆረጣል፣ ይከመራል፣ በሳርና በአፈር ይለበጣል፣ ከውስጥ እሳት ይለኮስበታል። ከዚያ በኋላ ቀን ተቀን መጨስ ነው። ከእንጅባራ ዳንግላ በሚኒባስ የሄደ ሰው ጭሱን ያውቀዋል፤ መስኮት ዝጉልኝ ብሎ ተጨቃጭቋል።

ከሰል ማክሰል ጉልበት ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ከተማ ቁጭ ብሎ ከሰሉ አልያዝ ሲለው አክሳዩን የሚራገም። ይምጣና ይሞክረው! ስራው የዓይን ነው። ክምሩ እንደተለኮሰ ጭሱ እንደ ወተት ነጭና ወፍራም ነው፤ እንጨቱ ውሃውን እየተፋ ነው ማለት ነው። ሲበስል ጭሱ ይቀጥንና ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ የሆነበትን በኩል ቶሎ በአፈር ካልደፈንከው እያየኸው አመድ ይሆንብሃል። ቀድመህ ከደፈንከው ደግሞ ግማሹ እንጨት ሆኖ ይቀራል። አባቴ በዚህ ነገር የታወቁ ነበሩ። ከማዶ ቆመው አንዴ አሻቅበው ያዩና «የታችኛው ጎኑ ደርሷል፣ ድፈነው በለው» ይላሉ። አለቀ። ሰዎች ክምራቸውን እንዲያዩላቸው ጠርተው ይወስዷቸው ነበር።

ነበር። ይቺን ቃል ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዣታለሁ።

እኔ ቆሰበር ባጃጅ እነዳለሁ፤ እንጅባራን ማለቴ ነው፣ እኛ ቆሰበር ነው የምንላት። ባጃጁ የሰው ነው። ትምህርቴን ዘጠነኛ ላይ ጥዬ የወጣሁት ከአንድ መምህር ጋር ተሰዳድቤ ነው። አፌ አያርፍም። ይሄን የማወራው ልኩራራ ብዬ አይደለም፤ ቀጥሎ የምነግራችሁን ሞኝነት የሰራው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እንድታውቁት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የአባቴ ግራ ዓይን ጭጋግ ለበሰ። አያምም፣ አይቀላም፣ ዝም ብሎ ይደበዝዛል። ጠጋ ብለህ ስታየው ጥቁሩ መሀል ላይ ነጭ ነገር አለ፣ አመድ የነካው የመሰለ። «ሞራ ነው» አሉ ሰዎች። እኔም ነገሩን ይዤ ባጃጅ ተራ ላይ አወራሁት። አንድ ተሳፋሪ «እኔ የማውቃቸው ሽማግሌ አሉ፣ በጫግኒ መንገድ» አለኝ። «ሐኪም ቤት ከሄድክ ዓይኑን ጎልጉለው ነው የሚያወጡት። እሳቸው ግን በቅጠል ጠርገው ነው የሚያነሱት፣ ደም እንኳ አይወጣም።» አመንኩት። ስሙን የማላውቀውን፣ መልሱን ተቀብሎኝ የወረደ ተሳፋሪ አመንኩ! ሆስፒታሉ እኮ ባጃጅ ይዤ በቀን አስር ጊዜ በበሩ የማልፈው ነው። እኔ ግን አባቴን ሚኒባስ አሳፍሬ ወደ ቆላ ወረድኩ።

ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም። ይሄ ነው የሚያበግነኝ። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እሳቸውን እየሰደብኩ እገላገል ነበር። አክብረው አስቀመጡን፣ ጸሎት አደረጉ፣ አረንጓዴ ነገር በጨርቅ ጨምቀው አባቴ ዓይን ላይ አንጠባጠቡ። አባቴ እጄን ጨመደዱኝ።

«ያቃጥላል?» አልኳቸው።

«ትንሽ።»

አባቴ ትንሽ ካሉ እኔ ብሆን ጫግኒ ድረስ ይሰማ ነበር ጩኸቴ። ስንመለስ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው መጡ። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው በርበሬ መሰለ። ራሳቸውን ይዘው አቃሰቱ፣ አስመለሳቸው። እኔ ምን አልኩ? «መድኃኒቱ እየሰራ ነው» አልኩ። ሳምንት ሙሉ እየሰራ ነው አልኩ። ከዚያ ሕመሙ ተወ፤ ብርሃኑም አብሮት ሄደ። ያቺ ዓይን አሁን ፀሐይ ፊት ለፊት ብታቆማት አታውቅም።

አባቴ አንድ ቀን አልወቀሱኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ለመጣው ሰው ሁሉ «ልጄ ለበጎ ብሎ ነው» ትላለች፣ እሱ ደግሞ እርር ያደርገኛል።

እንግዲህ ቀኝ ዓይናቸው ቀረች። አንድ።

ቀኟ ስትጀምር ማንም አላወቀም። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ነገሩ አፍንጫችን ስር ነበር። እኩለ ቀን ላይ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ይስቡና «ይቺ ፀሐይ ዘንድሮ ምን ሆነች?» ይላሉ። ፀሐይ ስትበርድ ደህና ያያሉ፤ እኛም ያን እያየን ደህና ናቸው አልን። አንድ ቀን በምሽት ባጃጁን ይዤ ብመጣ፣ መብራቱን ትኩር ብለው አዩና «መብራትህ ጠጉር አብቅሏል» አሉኝ።

«ባጃጅ ነው አባዬ፣ በግ አይደለም» አልኳቸው። ሳቅን። ይገርማችኋል፣ ሳቅን!

ጠላ ሲቀዱ ከመጠጫው አልፎ ይፈሳል። ሰው ከሩቅ እጁን ሲያነሳላቸው እስኪናገር ይጠብቃሉ፣ በድምፅ ነው የሚለዩት። «ሰውዬው ከሰሉ ሲያዋጣቸው ኮሩ» ተባሉ። እናቴ ደግሞ «ጭስ ነው፣ ትንሽ ቢያርፉ ይተዋቸዋል» ትላለች። እሳቸውም «ጭስ ነው» ይላሉ። እኔ ከሁሉም በላይ ጭስ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ጭስ ካልሆነ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ክረምቱ እንዳለፈ እናቴ ደወለችልኝ። ተሳፋሪ ጭኜ ነበር፣ ዳር ይዤ አነሳሁት።

«ክምሩ አመድ ሆነ» አለች።

«የትኛው?»

«የእኛው ነዋ። ሙሉው። ‹ኧረ ጭሱ ሰማያዊ ሆነ› እላቸዋለሁ፣ ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ገና ነጭ ነው› ይሉኛል። ሁለት ቀን ገና ነጭ ነው እያሉ ቁጭ አሉ።»

ስልኩን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ከኋላ ተሳፋሪው «ንዳ እንጂ ወንድሜ፣ ልታድር ነው?» ይለኛል። አባቴ የጭስ ቀለም ተሳሳቱ ከምትሉኝ የገዛ ስማቸውን ተሳሳቱ ብትሉኝ አምን ነበር። ጭሱ እኮ ነጭ አልነበረም። ነጭ የነበረው ሌላ ነገር ነው።

ወዲያው መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። አንድ ቀን መንገዱ ተዘጋ፣ አንድ ቀን ባለባጃጁ አልለቅም አለኝ። እንዲህ እያልኩ ለሰው እናገራለሁ። እውነቱ ፈርቼ ነው። ሄጄ ዓይናቸውን ጠጋ ብዬ ካየሁት ያቺን ነጭ አገኛታለሁ፤ ካላየሁት ገና ጭስ ነው።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ ጠዋት ላይ ወጣሁ። ቤታቸው ከአስፋልቱ ገባ ይላል። ገና ከታች እያለሁ አዲሱን ክምር አየሁት፤ አባቴ ላዩ ላይ ወጥተዋል፣ አካፋ ይዘው። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ አክሳይ ሁሉ ይወጣል፣ የተሰነጠቀውን በአፈር ሊደፍን። ግን ክምር ከውስጥ ሲበላ ላዩ ይሰምጣል። ዓይን ያለው ሰው የሰመጠውን ያይና ይዞረዋል። ከአባቴ ፊት ያለው ጎን ጎድጉዷል፣ ከስንጥቁ ሰማያዊ ጭስ እየወጣ ነው፣ ከስሩ ቀይ ነገር ብልጭ ይላል። እኔ ከሩቅ አየሁት። እሳቸው ቀጥ ብለው ወደዚያው ይራመዳሉ።

«አንተ!» አልኩ። «አንተ ሰውዬ! ቁም! አትንቀሳቀስ!»

አባቴን በሕይወቴ አንተ ብዬ አላውቅም። እኛ ቤት አባት አንቱ ነው የሚባለው። ከአፌ ሲወጣ ራሴም ደነገጥኩ። እሳቸውም ደንግጠው አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ቆሙ፤ ግን ሚዛን ሳቱና ያነሱትን እግር አሳረፉት። አፈሩ እንደ አመድ ተደረመሰ። ቦት ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ገባ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ በብብታቸው ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳቸውና ተያይዘን ተንከባለልን። ጎማው ይሸታል። ቦቱን ሳወልቀው እግራቸው ላይ መዳፍ የሚያክል ተልጧል። እናቴ እየጮኸች ውሃ አመጣች።

አባቴ መሬት ላይ ቁጭ ብለው የሚያስቡት ስለ እግራቸው አልነበረም። «አፈሩ ከድቶኝ ነው» አሉ። «ላላ፣ አፈሩ ላላ።»

ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ይሄ ስንት ነው?» አልኳቸው።

«አሁን ቀልድ ነው የቀረህ?»

«ስንት ነው? ይንገሩኝ።»

ዓይናቸውን አጠበቡ። «ሦስት» አሉ።

እጄን አላነሳሁም ነበር።

እናቴ አየችኝ። እኔም አየኋት። አባቴ ግን ማን ምን እንዳየ አላወቁም፤ «ሦስት ነው አይደል?» አሉ ደግመው፣ ድምፃቸው እንደ ተማሪ። ያኔ አገጫቸውን ይዤ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። አለች። ያቺ ነጭ። መሀሉ ላይ አመድ የነካው የመሰለ። አውቃታለሁ እኮ!

«ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን» አልኩ።

«አንሄድም።»

«ምን እስኪሆን ነው የምንጠብቀው?»

«እስኪበስል። ሞራ ሳይበስል አይነካም ሲባል አልሰማህም?»

«ከሰል ነው እንዴ የሚበስለው? ደርሷል ብለው ሊደፍኑት ነው?»

«አፍህን ያዝ!» አሉኝ። ቀጥለው ግን ቀስ አሉ። «አንዷን ሰው ነካት፣ ጠፋች። ይቺን ማንም አይነካትም።»

ያችኛዋን ማን እንዳስነካት ሁለታችንም እናውቃለን። አባቴ ወደ እናቴ ዞረው በአገውኛ አወሯት፣ ዝቅ አድርገው፣ እኔ ያልሰማሁ ይመስል፤ እኔም እኮ ያደግኩበት ቋንቋ ነው። በጨለማ ከመኖር በጭጋግ መኖር ይሻለኛል ነው ያሏት።

በማግስቱ ብቻዬን ሆስፒታሉ ገባሁ። የዓይን ክፍል የሚል በር ላይ ተሰልፌ አንዲት ነርስ ጋ ደረስኩ፣ መነጽር ያደረገች፣ ዕድሜዋ ከእናቴ የማያንስ።

«ታማሚው የታለ?» አለችኝ።

«ቤት ናቸው።»

«ዓይናቸውን ብቻ ይዘህልኝ መጣህ?»

ሌላ ቀን ቢሆን መልስ ነበረኝ። ያን ዕለት ግን እንባዬ ቀደመኝ። ነገርኳት፤ ጭሱን፣ ፀሐዩን፣ መብራቱ ጠጉር ያበቀለውን። ስለ ግራዋ ስነግራት አቋረጠችኝ። «ቅጠል ነው?» አለች። አዎ አልኩ። «እኔ ነኝ የወሰድኳቸው» አልኩ። አላጽናናችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። «እንዳንተ ብዙ ልጆች ወስደዋል» አለች። «ያን ጊዜ ሲቀላና ሲያማቸው በዚያኑ ቀን መምጣት ነበረባችሁ።»

«ቢመጡ ይድኑ ነበር?»

«አላየኋቸውማ። እንዴት ልወቅ?»

ከዚያ ለደንቆሮ እንደሚነገር ቀስ አድርጋ አስረዳችኝ። ጭስ ያስለቅሳል፣ ያቀላል፣ ከጭሱ ርቀህ ስትውል ይተውሃል። ሳያም ሳይቀላ ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ፣ ፀሐይ ላይ የሚብስ፣ ብርሃን ዙሪያ ክብ ነገር ወይ ጨረር የሚያሳይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሞራ ነው። እስኪበስል መጠበቅ የሚባለው የድሮ ወሬ ነው፤ ስራ ከከለከለ፣ መንገድ ካሳተ በቂ ነው። ብዙ ከቆየ ይጠጥራል፣ አንዳንዴም ዓይን ውስጥ ግፊት ያመጣና ያሳምማል፣ ያጠፋል። «ዓይን ካመመና ከቀላ፣ ወይ እይታ ድንገት ከጠፋ ደግሞ» አለች፣ ጣቷን ወደኔ ቀስራ፣ «አንድ ቀን አታሳድር። ቅጠል የለ፣ ከሱቅ ጠብታ የለ። ገባህ?»

ገባኝ። ግን እሷ የነገረችኝን ለአባቴ ማን ያስረዳልኝ?

ያስረዳልኝ ጎረቤት ነው፣ ሳያውቀው። እናቴ ናት የነገረችኝ። ሰውዬው እንደ ልማዱ ክምሩን እንዲያዩለት ጠራቸው። አባቴ እምቢ ማለት አፈሩና በቆሰለ እግራቸው እያነከሱ እናቴን አስከትለው ሄዱ። ማዶ ቆሙ። አሻቀቡ። ከዚያ ሰውዬው ፈንጠር ሲል ወደ እናቴ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ «ምን ይመስላል?» አሏት። እናቴ «ነጭ ነው፣ የላይኛው ብቻ ቀጥኗል» አለቻቸው። አባቴ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ነጭ ነው፣ የላይኛው ብቻ ቀጥኗል!» አሉ። ሰውዬው አመሰገነ። በማግስቱ በእናቴ ስልክ ደወሉልኝ።

«እዚያ ቦታ» አሉኝ፣ «ሳይነኩ ያያሉ?»

«ያያሉ።»

«በመብራት ብቻ?»

«በመብራት ብቻ አባዬ።»

«ና ውሰደኝ።»

ሆስፒታሉ ስንደርስ ነርሷ አንዷን ዓይን እየሸፈነች ሌላዋ ላይ በትንሽ ባትሪ ልታበራ ተዘጋጀች። አስቀድማ ነግራኛለች፤ ብርሃኑ ከየት በኩል እንደመጣ ካላወቁ ከሞራው ኋላ ያለው ተጎድቷል ማለት ነው፣ ያኔ ቀዶ ጥገናው ብዙም ላይረዳ ይችላል። ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ግራዋ ላይ አበራች፤ አባቴ «አብሪው እንጂ» አሏት። እሷ አብርታለች። ወደ ቀኟ ዞረች።

«ብርሃኑ ከየት ነው አባቴ? በእጅዎ ያሳዩኝ።»

ቀኝ። ትክክል። ታች። ትክክል። ሦስተኛው ላይ እጃቸው አየር ላይ ቆመ። እኔ በልቤ ላይ ነው፣ ላይ ነው፣ ላይ ይበሉ እላለሁ፣ ፈተና ላይ ለጓደኛ መልስ እንደሚያቀብል ሰው። ጣታቸው ወደ ላይ ወጣ።

«ጎበዝ» አለች።

የዓይኑን ግፊት ለኩ፣ ሌላ ባለሙያም አያቸው። ሞራ ነው፣ ከኋላው ደህና ይመስላል፣ ግን እርግጡ የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ነው አሉን።

«ዓይኔን አውጥታችሁ ጠርጋችሁ ነው የምትመልሱት?» አሉ አባቴ።

«ኧረ በስመአብ! ዓይንዎ እዚያው ነው» አለች ነርሷ። «ውስጡ እንደ መስታወት ያለች ነገር አለች፤ እሷ ደፈረሰች። እሷን አውጥተን ንጹህ እናስገባለን።»

«የማን?»

«የማንም አይደለም፣ የፋብሪካ ናት።»

«የሞተ ሰው አለመሆኑን ብቻ ንገሪኝ።»

«የፋብሪካ ናት አልኩዎት እኮ አባቴ!»

ቀኑ ሲደርስ ወረቀት ሰጡን። ለመፈረም። ማንበብ እችላለሁ፣ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ፊደሉ ሁሉ ይደባለቅብኛል። እያንዳንዷን መስመር በጣቴ እየተከተልኩ አንዷ ላይ ደረስኩ፤ አልፎ አልፎ ችግር ሊፈጠር፣ እይታም ሊጠፋ ይችላል ትላለች። ጣቴ እዚያ ቀረ።

«ምን ይላል?» አሉ አባቴ።

መዋሸት እችል ነበር። አፌ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ጮክ ብዬ እንዳለ አነበብኩላቸው። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እፈራለሁ አባዬ» አልኩ።

«ያን ጊዜ፣ ወደዚያ ሰውዬ ስትወስደኝ አልፈራህም ነበር።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን የተናገሩት ይሄ ብቻ ነው። «አልፈራሁም» አልኩ።

«እንግዲያስ ይሄ ይሻላል» አሉና አውራ ጣታቸውን ሰጡኝ፣ ቀለሙ ላይ እንዳደርገው።

አስገቧቸው። ቶሎ ያልቃል ብለውኛል። እኔ ከውጭ አግዳሚ ላይ ሆኜ በሩን ብቻ አያለሁ። ድምፅ ቢሰማ እፈራለሁ፣ ባይሰማ ይብስብኛል። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ «ማን ነው የገባው?» አለኝ፤ «አርፈህ ተቀመጥ» አልኩት። አሁን ያሳፍረኛል። በሩ ተከፍቶ አንዷ ሮጣ ወጣች፣ አንድ ነገር ይዛ ተመለሰች። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ ፊት ቆሜ ሁለተኛዋንም እኔ ነኝ የወሰድኳት ስል።

ሲያወጧቸው ቀኝ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። ለካ ይሄን አላሰብኩትም! ግራዋ የሞተች ናት፤ ቀኟ ስትሸፈን አባቴ ሙሉ ጨለማ ውስጥ ናቸው። ያ የፈሩት ጨለማ። እጅጌዬን ያዙና አልለቅም አሉ።

«መሸ እንዴ?» አሉኝ።

«ገና ሰባት ሰዓት ነው አባዬ። ቀን ነው።»

«ቀን ነው?»

«ቀን ነው።»

ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጠየቁኝ። ደግሞም። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ናት፣ ትሞቃቸዋለች፣ እሳቸው መሸ ወይ ይሉኛል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ መጥታ ፕላስተሩን ቀስ አድርጋ ላጠችው። ዓይናቸው አብጧል፣ ያነባል፣ ትንሽ ደም ለብሷል። አንዴ ከፈቱትና ጨፈኑት። እንደገና ከፈቱት። «ምን ይታይዎታል?» አለች ነርሷ። እኔን አላዩም፣ እሷንም አላዩም። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፣ ቅንድባቸውን ቋጥረው። ጨለማ ነው የሚያዩት ብዬ የአልጋውን ብረት ያዝኩ።

«የማን ነው ያ ክምር?» አሉ።

«የቱ?»

«ያ፣ ከባሕር ዛፎቹ ኋላ። ሰማያዊ ሆኗል እኮ! በግራ በኩል ሙሉ ለሙሉ ደርሷል፣ ሰውዬው የት ሄዶ ነው? ሊነድበት ነው!»

አየሁ። ከከተማው ባሻገር ጋራው ላይ ቀጭን ጭስ ነበር። ሰማያዊነቱን እኔ እንኳ ለማየት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። ነርሷ «ማን እንደሆነ አይታወቅማ አባቴ፣ ሩቅ ነው» ትላቸዋለች፣ እሳቸው «ይደወልለት!» ይላሉ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

እንዲህ ነው፣ ግን ፍርሃቱ አላለቀም። ለሳምንታት ጭስ አይቅረቡ፣ ጎንበስ አይበሉ፣ አይሹት ተባሉ። ካመማቸው፣ ከቀላ፣ ወይ እንደገና ከደበዘዘ በዚያኑ ቀን ይዘህ ና ተባልኩ። ጠብታም ተሰጠን። እናቴ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ባጃጁን ትቼ ቤት ሰንብቼ የማደርገው እኔ ነኝ። እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፣ ጣቴ ዓይናቸውን እንዳይነካ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ጠርሙሱን ከላይ እይዛለሁ። ጠብታው ሊወድቅ ሲል ያ በጨርቅ የተጨመቀ አረንጓዴ ነገር ትዝ ይለኛል፣ እጄ አየር ላይ ይቀራል። አንድ ዓይን ናት። ሌላ የለችም።

ዛሬ ጠዋትም እንደዚያው ቀርቼ ነበር።

«ያቃጥል ይሆን?» አልኳቸው።

አባቴ አንጋጠው፣ በዚያች ዓይን ትኩር ብለው አዩኝ። «አንተ ሰውዬ!» አሉ፣ ያን ቀን ክምሩ ላይ የጮህኩትን ድምፄን አስመስለው። «ጠብ አድርገው እንጂ፣ ምን ቆመሃል?»